«ይሠራል እኮ!» እና ሌሎች ስለ ኮድ የምንሸነጋገልባቸው ነገሮች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለች ጠባብ ቢሮ ሆኜ ለክሊኒክ፣ ለሆቴልና ለሱቅ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተለማማጅ ተማሪዎች ይመጡልኛል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ስለ ንጹህ ኮድ ማውራት ስጀምር ግን በየዓመቱ የምሰማው መልስ ያው ነው። አልፈርድባቸውም፤ አብዛኛውን እኔም ለዓመታት አምኜበት ኖሬአለሁ። አንዳንዱ ዋጋ አስከፍሎኛል። እስቲ የሚደጋገሙትን እንያቸው።

«ኮዱ ይሠራል፤ ሌላው ትርፍ ነው»

ይሄኛው የሁሉም አባት ነው። እውነት ነው፣ ኮምፒውተሩ ግድ የለውም። አንድን ቫሪያብል፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥበትን ስም፣ «ሀ» አላችሁት «የቀሪ_ዕቃ_ብዛት» ለእሱ ልዩነት የለውም። ግን ኮድ አንዴ ተጽፎ መቶ ጊዜ ይነበባል። ስህተት ሲፈለግ ይነበባል። አዲስ ነገር ሲጨመር ይነበባል። ሰው ሥራ ሲለቅ ተረካቢው ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

ተረካቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ጸሐፊው ነው። አንድ ቀን በጣም የሚያናድድ ፋይል ገጠመኝ። «ይሄን የጻፈው ማን ነው?» ብዬ በጊት (የኮድን ለውጥ ማንና መቼ እንዳደረገው መዝግቦ በሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ታሪኩን ባየው የራሴ ስም ወጣ። ከስምንት ወር በፊት ደንበኛ እያጣደፈኝ የጻፍኩት ነው። «ለአሁን ይሁን፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ትቼው ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይሄ ነው።

«ጥሩ ኮድ ማለት ኮሜንት የበዛበት ኮድ ነው» / «ጥሩ ኮድ ኮሜንት አያስፈልገውም»

ኮሜንት ማለት ኮምፒውተሩ የሚዘለው፣ ለሰው ተብሎ ኮዱ ውስጥ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ሁለቱንም ከተለያየ አፍ እሰማለሁ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው።

ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሥርዓት ሠርተን ነበር። በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ ነው። ጳጉሜ አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ኮዱ ውስጥ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ፣ 6 ቀን። ምንም ማብራሪያ የለውም። ለእኔ ግልጽ ነበራ!

አብሮን ይሠራ የነበረ ጠንቃቃ ልጅ ይሄን መስመር አየ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ቀን የሚጨመረው ዓመቱ ለ4 እኩል ሲካፈል መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሯል። (የመቶና የአራት መቶ ዓመት ልዩ ደንብም አለበት፤ እሱን እንለፈው።) ስለዚህ 3ቱ የትየባ ስህተት መሰለው። በቅንነት 0 አደረገው። ማንም አላስተዋለም። ለሁለት ዓመት ምንም አልሆነም።

ከዚያ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ። ሰኞ ነበር። ሥርዓቱ ከጳጉሜ 5 ቀጥታ መስከረም 1 ገባ። በዓል ስለሆነም የዕለቱን የቀጠሮ ዝርዝር ዘጋና «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በር ላይ ሰው ተሰልፏል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደውላ «ኧረ ወንድሜ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ነገ ነው!» አለችኝ። እሷ ሳቅ አልፈለገችም። እኔም በዚያ ሰዓት አልሳቅኩም።

ልጁን አልወቀስኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ መስመር በላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ የፈረንጆቹን ደንብ እዚህ አትጠቀሙ» የሚል አንድ ኮሜንት ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በሌላ በኩል የዚያው ፋይል ሌላ ክፍል በኮሜንት ተጥለቅልቆ ነበር። «ቁጥሩ ላይ 1 ይደምራል»፣ «ዝርዝሩን ይዞራል»፣ «ውጤቱን ይመልሳል»። ይሄማ ኮዱ ራሱ የሚናገረው ነው። ጎንደር የአንድምታ አገር ናት። መምህራኑ ንባቡን ካስነበቡ በኋላ ያንኑ ንባብ ደግመው አያሰሙም፤ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ያወጣሉ። ኮሜንትም እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ምን እንደሚሠራ ኮዱ ይናገር። ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ኮሜንቱ ይናገር። ኮዱ ሲቀየር ኮሜንቱም አብሮ ይቀየር፤ ያረጀ ኮሜንት ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል።

«ስም ማሳጠር ጊዜ ይቆጥባል»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቫሪያብልን ስም ግን የሚያወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንቅልፍ የያዘው ፕሮግራመር ነው። ስለዚህ «ዳታ»፣ «ዳታ2»፣ «ቴምፕ»፣ «አዲሱ_ቴምፕ» የሚሉ ስሞች ይወለዳሉ። በዚህ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። የጽሑፍ መሥሪያው ፕሮግራም ስሙን ራሱ ይጨርስላችኋል እኮ።

ከአጭር ስም የሚብሰው ግን የሚያሳስት ስም ነው። የእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ከውጭ የተቀዳ ቅጽ ላይ ግን «ላስትኔም» የሚል ቦታ አለ። አንድ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ልጅ እዚያ ላይ የአባት ስም ያስገባል፣ ሌላው የአያት ስም። ከዚያ አንድ ታካሚ ሁለት ካርድ ይኖረዋል። መፍትሔው «የአባት_ስም» እና «የአያት_ስም» ብሎ መጥራት ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በግእዝ ፊደል ሲጻፍም ይቀበላል። ሌላ አገር ያለ ሰው የሚያነበው ኮድ ከሆነ ባላደርገው እመርጣለሁ፤ ለማስተማር ግን ግሩም ነው።

ሰዓት ደግሞ አለ። «የቀጠሮ_ሰዓት» ውስጥ 8 የሚል ቁጥር ካለ ምን ማለት ነው? ጠዋት 2 ሰዓት ነው በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ? ወይስ የእኛው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት? የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ስሙ ላይ «በኢትዮጵያ» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ክርክሩ ያልቃል። መለኪያን ስም ውስጥ ማስገባት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ናሳ ወደ ማርስ የላከው የአየር ንብረት መንኮራኩር በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋው አንዱ ሶፍትዌር ግፊቱን በፓውንድ ሲሰጥ ሌላው በኒውተን ስለጠበቀ ነው። መንኮራኩሩ 125 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነበር።

«አጭር ኮድ የብልህ ኮድ ነው»

አሥር መስመሩን በአንድ መስመር አጥፎ የሚያመጣ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። አንብቤ ስጨርስ እንደ ቅኔ ሰሙን አገኘዋለሁ፤ ወርቁን ለማግኘት ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ቅኔ ሲሆን ደስ ይላል፤ ባለቤቱ የሚፈልገውም እሱኑ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ፣ የላፕቶፑ ባትሪ 12 በመቶ ላይ ደርሶ ስህተት ስትፈልጉ ግን ወርቁ ፊት ለፊት ተዘርግቶ እንዲገኝ ነው የምትመኙት።

«እንዲህ ስጽፈው ይፈጥናል» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይመጣል። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለጊዜው ፍጥነት ማሳደድ የብዙ ችግር ሥር እንደሆነ ጽፎልን ነበር። መጀመሪያ ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን የሚያዘገየው የዳታቤዝ ጥያቄው ወይም ኔትወርኩ ነው። እናንተ የተጨነቃችሁበት፣ ሥራ እየደጋገመ የሚያሠራው ዙር (ሉፕ) አይደለም።

«ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ መሆን አለበት»

ድግግሞሽ መጥፎ ነው የሚለው በመሠረቱ ትክክል ነው። ግን ሰው ከልክ በላይ ሲያጠብቀው እንዲህ ይሆናል። ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሽያጭ ፕሮግራም እየሠራን ነበር። ቫት 15 በመቶ ነው። የደንበኛ ዱቤ መክፈያ ደግሞ 15 ቀን ነው። ተለማማጁ 15ን ሁለት ቦታ አየና አንድ ቋሚ ስም ሰጣት፦ «አሥራ_አምስት = 15»። በዚህም ኮራ።

ከወር በኋላ ባለሱቁ የዱቤውን ጊዜ ወደ 30 ቀን አራዘመ። ሌላኛው ልጅ ገብቶ አስተካከለ። «አሥራ_አምስት = 30»። ቫቱም 30 በመቶ ሆነ! ደግነቱ ለባለሱቁ ሳይደርስ ያዝነው። ያንን መስመር አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እስካሁን አለ።

ሁለት ነገሮች አንድ የሚሆኑት ቁጥራቸው ስለተመሳሰለ አይደለም። የሚቀየሩበት ምክንያት አንድ ሲሆን ነው። «የቫት_መቶኛ» እና «የዱቤ_ቀናት» ዛሬ እኩል ቢሆኑም ዝምድና የላቸውም። በአንጻሩ ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን የሚያመሳስለው የስም ፍለጋ ኮዳችን አምስት ቦታ ተቀድቶ ነበር። አንዱ ላይ ፀ እና ጸ ተረስተው፣ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት በ«ጸሐይ» ስትፈለግ ከአንዱ ገጽ ትገኛለች፣ ከሌላው ትጠፋለች። እሱ በእርግጥ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም አንዴ ተጽፎ ከየቦታው የሚጠራ የኮድ ክፍል፣ መሆን ነበረበት።

«አሮጌው ኮድ ይቀመጥ፤ አንድ ቀን ይጠቅማል»

ይሄ የእናቶቻችን ጓዳ ልማድ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ አይጣልም። ኮድ ላይ ግን አይሠራም። አሮጌውን ጊት ያስቀምጥላችኋል፤ ሥራው እሱ ነው። «ፕሮጀክት_የመጨረሻ»፣ «ፕሮጀክት_የመጨረሻ_ትክክለኛው» የሚሉ ፎልደሮች በፍላሽ ይዛችሁ የምትዞሩም ስሙኝ።

በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች አንዱ ላይ ሳይጫን ቀርቶ ነበር። እዚያ ላይ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ አሮጌ ኮድ ነበር። አዲሱ ሥራ የድሮውን መቀስቀሻ ምልክት ደግሞ ስለተጠቀመ የሞተው ኮድ ተነሣ።

«ይሄ ኮድ ቆሻሻ ነው፤ ከዜሮ ልጻፈው»

ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ዐፄ ፋሲለደስ ሠሩ። ዐፄ ዮሐንስ መጡና የራሳቸውን ሠሩ። ታላቁ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን። አዲስ ፕሮግራመርም ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያምረው እንዲሁ ነው። ነገሥታቱ ግን ቢያንስ የቀደመውን አላፈረሱም።

አሮጌ ኮድ ውስጥ ያሉት አስቀያሚ መስመሮች ብዙዎቹ በልምድ የተገኙ ናቸው። እያንዳንዱ የሆነ ቀን የተደወለ ስልክ ነው። ከዜሮ ስትጀምሩ እነዚያን ስልኮች በሙሉ እንደገና ታነሣላችሁ። ኔትስኬፕ የተባለው ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት መክፈቻ ፕሮግራሙን (ብሮውዘሩን) ከመሠረቱ እንደገና ሊጽፍ ወሰነ። ቁጥር 6 የወጣው በ2000 መጨረሻ ነው። እስከዚያ የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ወሰደው። የሚሻለው አሰልቺው መንገድ ነው። ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ አንድ ረጅም ፋንክሽን፣ ከነገ ወዲያ አንድ ፋይል። ፋይሉን በከፈታችሁ ቁጥር ከነበረበት ትንሽ አጽድታችሁ ዝጉት።

«አደራደር የውበት ጉዳይ ነው»

ስለ ታብና ስለ ባዶ ቦታ ጠብ አትግቡ፤ ብላክን ወይም ፕሪቲየርን የመሰለ ኮድ የሚደረድር ፕሮግራም ጫኑና እሱ ያስተካክል። ጠቡ ከንቱ ነው ማለቴ እንጂ አደራደሩ ከንቱ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. አፕል ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነትን በሚያጣራው ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ። ሁለተኛው መስመር ገባ ብሎ ስለተጻፈ ከ«ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» ከሚለው ትእዛዝ) ሥር ያለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከሱ ውጭ ነበር። ማጣሪያው እየተዘለለ ኖረ። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) የአጻጻፍ ደንብም ከሦስት እርከን በላይ ወደ ውስጥ ከገባችሁ ፕሮግራሙን አስተካክሉት ይላል። ግልጽ ምክር ነው።

«ቴስት ለትልልቅ ድርጅቶች ነው»

ቴስት ማለት ኮዱ ትክክለኛውን ውጤት መስጠቱን የሚፈትሽ፣ ሲሳሳት ቀይ የሚያሳይ ሌላ ኮድ ነው። እኛ ሦስት ሰዎች ነን። ለሁሉም ነገር ቴስት አንጽፍም፤ አንችልምም። ገንዘብና ቀን ለሚነካ ኮድ ግን እንጽፋለን። ከዚያ ሰኞ በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያው አራት መስመር ብቻ ነው። 2013፣ 5 ቀን። 2014፣ 5 ቀን። 2015፣ 6 ቀን። 2016፣ 5 ቀን። ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ ተለማማጅ ያንኑ 3 አይቶ ወደ 0 ቀየረው፤ ኮሜንቱን አላነበበም ነበር። ቴስቱ ወዲያው ቀይ ሆነበት። ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄ 2015 ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ቡና ይዘን ቁጭ አልንና የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ታሪክ ነገርኩት።

ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ልጁ ያንንም ዓመት እንደ አምስተኛ መስመር ቴስቱ ላይ ጨመረው።