«ኦል ሲዝን» ጎማ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ዴንቨር ገብቶ የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛ ሰው ከሻጩ አፍ ደጋግሞ የሚሰማት ቃል አለች፦ «ኦል ሲዝን»። ጎማው ለሁሉም ወቅት ይሆናል ማለት ነው። እኛ «ክረምት» ሲባል ትዝ የሚለን የሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነውና ቃሉን ሳንጠራጠር እንቀበላለን። ለዚያኛው ክረምት እውነትም አያሳፍርም። ዴንቨር ያለችበት የኮሎራዶ ክረምት ግን የሚገባው አገር ቤት በጋ ሲሆን ነው፤ ይዞት የሚመጣውም ሌላ ነገር ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ አሜሪካዊ ባለመኪና ብርድ ሲገባ የበረዶ ጎማ ያስገጥም፣ ብርዱ ሲያልፍ ያስፈታ ነበር። የጎማ አምራቹ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1977 «ቲዬምፖ» የተባለ ኦል ሲዝን ጎማ አውጥቶ ከዚህ ጣጣ ገላገለው። ስሙ በስፓኒሽ ጊዜም የአየር ሁኔታም ማለት ነው፤ ብልህ የነጋዴ ስያሜ ነው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ አብዛኛው የቤት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ተጫምቶ የሚወጣው የዚህን ዓይነት ጎማ ሆኗል።

የጎማውን ጠባይ ለመረዳት ከጥርሱ በፊት ላስቲኩን ማሰብ ይሻላል። ላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርደው ይደርቃል። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እየጠነከረ ይሄድና መንገዱን መጨበጥ ይሳነዋል። የክረምት ጎማ በብርድም እንደለሰለሰ እንዲቆይ ሆኖ የተቀመመ ነው፤ በሞቃት አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይዘው እንዲቆዩ የተሠሩ ናቸው፤ በረዶ ከላስቲክ ይልቅ ከበረዶ ጋር ይያያዛልና። ኦል ሲዝን በሁለቱ መካከል የቆመ ጎማ ነው። ሁለቱንም ይሞክራል፣ በሁለቱም አንደኛ አይወጣም። ብርዱ ሲበረታ ጉድለቱ የሚታወቀው ፍሬን ሲያዝ ነው፦ መኪናው ይቆማል፣ ካሰቡት ቦታ አልፎ።

እንግዲህ ስሙን ትተን የጎማውን ጎን እናንብብ። አብዛኞቹ ኦል ሲዝን ጎማዎች ላይ ኤም እና ኤስ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በመደመር ምልክት ተያይዘው ይገኛሉ። «ጭቃና በረዶ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። የሚናገሩት ግን ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቦዮቹ ሰፋ ብለዋል፣ እስከ ዳር ደርሰዋል ማለት ነው። ይህን ምልክት ለማተም ጎማው በረዶ ላይ መነዳት አያስፈልገውም። እኔን የሚያናድደኝም ይህ ነው፤ «በረዶ» የሚል ቃል ተሸክሞ በረዶ ያልረገጠ ጎማ ሊኖር ይችላል።

ሌላው ምልክት ሥዕል ነው፦ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መካከሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። በሰሜን አሜሪካ ከ1999 ጀምሮ የሚታተም ሲሆን፣ ይህን የያዘ ጎማ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከመመዘኛ ጎማ ጋር ተፈትኗል። ይህን ምልክት ይዞ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳውን ጎማ ሻጮች «ኦል ዌዘር» ይሉታል። በስም ከ«ኦል ሲዝን» ጋር ለመምታታት የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ይቀራረባል። ፈተናው ግን ወሰን አለው። አማርኛችን ለስላሳውንም ጠጣሩንም «በረዶ» ብሎ ያልፋል፤ ለጎማ ግን ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የአሜሪካው ፈተና የሚለካው ለስላሳው በረዶ ላይ መኪናውን የመግፋት አቅሙን ነው። ድልድይ ላይ እንደ መስተዋት የሚጋገረውን ጠጣር በረዶ አይነካም፣ የፍሬኑንም ርቀት አይለካም።

ሕጎችም በዚህ ነጥብ ይለያያሉ። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወጣው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ጎማን የሚመለከት ልዩ ሕግ አለ። ሁለቱን ፊደላት የያዘ ጎማ ጥርሱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ካለው ያልፋል። ያው ጎማ ጀርመን ቢሄድ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ የተራራው ሥዕል ከሌለው በረዷማ መንገድ ላይ ያስቀጣል። በእኔ ግምት ጀርመኖቹ ትክክል ናቸው።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ? ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ሰው፣ በረዶ በጣለበት ቀን ቤት መዋል ከቻለ፣ ጥርሱ ያላለቀ ኦል ሲዝን ይበቃዋል። ዴንቨር ውስጥ ፀሐዩ በረዶውን ቶሎ ያቀልጠዋል፤ ነገር ግን ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም መንገደኛ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው የተራራ ሥዕል ያለበትን ቢገዛ ያዋጣዋል። ሚኒሶታ ላለ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ ለብቻው የክረምት ጎማ፣ ቢቻል በራሱ ቸርኬ ላይ የተገጠመ። ወጪው መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ሁለቱ ስብስቦች ዓመቱን ስለሚካፈሉት ግን እያንዳንዱ በዚያው ልክ ዕድሜው ይረዝማል።

«መኪናዬ በአራቱም ጎማ ይነዳል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ያ ለመነሳት ይረዳል። ለመቆም ግን ሁሉም መኪና በአራቱም ጎማ ነው ፍሬን የሚይዘው፤ ልዩነት የለም።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ ጥርሱን በመለኪያ ይለኩ። ቦዩ ውስጥ ያለው የማለቂያ ምልክት ከጥርሱ ጋር እኩል የሚሆነው 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው፤ ለበረዶ ያኔ በጣም ዘግይቷል። የተመረተበትን ጊዜም ያንብቡ፦ ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ 3522 ቢል በ2022 ሠላሳ አምስተኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ጥሩ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ያረጀ ከኋላ አድርገው የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ያለ መኪና በረዶ ላይ ሲታጠፍ ፊቱ መንገዱን ሲይዝ ኋላው ያመልጣል፤ አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን ዞረው ሳያዩ ቁልፉን አይቀበሉ።