ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት አይሾርም፦ ስለ ስፒንና ሄሊሲቲ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዳማ ውስጥ ፊዚክስ አስጠናለሁ። ስፒን (የኤሌክትሮንና የሌሎች ቅንጣቶች ውስጣዊ አንጉላር ሞመንተም፤ አቅጣጫም አለው) ላይ ስንደርስ ሁሌም የሚነሱት ያው ጥያቄዎች ናቸው። በልጆቹ አልፈርድም፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል።

«ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት ይሾራል»

አይሾርም። ፊዚሲስቶቹ ኡህለንቤክና ጎድስሚት እ.ኤ.አ. በ1925 ሐሳቡን ሲያቀርቡ እነሱም የታያቸው የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ነበረች። ሌላው ፊዚሲስት ሎረንዝ ግን አስልቶ ችግሩን አሳየ፦ ያን ያህል ስፒን እንዲኖራት የኳሷ ገጽ ከብርሃን በላይ መፍጠን ነበረበት። ስፒን እንደ ማስና እንደ ቻርጅ ከኤሌክትሮኑ ጋር አብሮት ያለ ባሕርይ ነው። መጠኑ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«እንግዲያው የሒሳብ ፈጠራ ነዋ!»

ይህም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አንስታይንና ደ ሃስ የብረት ዘንግ በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ በዙሪያው በተጠመጠመ ሽቦ ማግኔትነቱን ገለበጡት። ማንም ሳይነካው ዘንጉ ዞረ። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ያዞረው በዋናነት የኤሌክትሮኖቹ ስፒን አብሮ መገልበጡ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚያምር ሙከራ አላውቅም።

«ሄሊሲቲ ያው ስፒን ነው፤ አይለወጥም»

ዋናው መደናገር እዚህ ጋ ነው። ሄሊሲቲ የሚነግረን ስፒኑ ከጉዞው አንጻር ወዴት እንደሚጠቁም ነው። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች አስቡ። ከፊት ሲያዩት ወደ ቀኝ የሚዞረው ክንፍ ከኋላ ሲያዩት ወደ ግራ ይዞራል። ቀኝና ግራ ለማለት መነሻ ያስፈልጋል። ለሄሊሲቲ መነሻው የጉዞው አቅጣጫ ነው። ስፒኑ ወደሚሄድበት ከጠቆመ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ከጠቆመ ግራ እንለዋለን።

አሁን ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ እየመጣችሁ አንድ ሲኖትራክ ቀድማችሁ አለፋችሁት እንበል። በመስኮት ስታዩት ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ኤሌክትሮንን የሚቀድም ተመልካችም እንዲሁ ወደ ኋላ ሲሄድ ያየዋል። ስፒኑ ግን አልተገለበጠም። ስለዚህ ለአንዱ ቀኝ የሆነው ለሌላው ግራ ነው። ብርሃንን የሚቀድም ስለሌለ የፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሄሊሲቲ ለሁሉም አንድ ነው።

«ደካማው ኃይል የሚመርጠው ሄሊሲቲን ነው»

እ.ኤ.አ. በ1957 ፊዚሲስቷ ቺየን ሺዩንግ ዉ በራዲዮአክቲቭ ኮባልት 60 ባደረገችው ሙከራ ደካማው ኃይል (ከአራቱ መሠረታዊ የተፈጥሮ ኃይሎች አንዱ) በግራና በቀኝ መካከል እንደሚያዳላ ታየ። ምርጫው ግን በተመልካች ሊለዋወጥ አይችልም። የሚመርጠው ካይራሊቲን (በተመልካች የማይለወጥ የቅንጣት ግራነት ወይም ቀኝነት) ነው፤ ማስ ለሌለው ቅንጣት ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ለኤሌክትሮን ግን ይለያያሉ። ልዩነቱ በቤታ ብስበሳ (የአቶም ኒውክሊየስ ኤሌክትሮን ሲያወጣ) ይለካል፦ በተለመደው ዓይነት ብስበሳ፣ በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ ከሚወጡት ኤሌክትሮኖች 80 በመቶው በሄሊሲቲ ግራ፣ 20 በመቶው ቀኝ ናቸው። ሁለቱ ቢገጥሙ ኖሮ ሁሉም ግራ በሆኑ ነበር።