ሰላም አስከባሪ መተኮስ የሚችለው መቼ ነው?

«ሰማያዊ ቆብ ያደረጉት ወታደሮች መሣሪያ ይዘው ለምን ዝም ይላሉ?» ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው የጸጥታው ምክር ቤት በሚሰጣቸው ተልእኮ ውስጥ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ምዕራፍ 6 ስለ ድርድርና ሽምግልና ያወራል። ምዕራፍ 7 ግን ኃይል መጠቀምን ይፈቅዳል። የሚገርመው፣ «ሰላም ማስከበር» የሚባል ነገር በቻርተሩ ውስጥ አልተጻፈም። «ምዕራፍ ስድስት ተኩል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ራስን መከላከል በሁለቱም ይፈቀዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ጥቃቱ በወታደሮቹ ላይ ሳይሆን በሲቪሎች ላይ ሲሆን ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ሩዋንዳ የነበረው ኃይል በምዕራፍ 7 አልነበረም የተሰማራው። ጭራሽ እልቂቱ ከተጀመረ በኋላ ምክር ቤቱ ቁጥሩ ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። ይህን ማንበብ ዛሬም ያማል።

በ1999 ሴራሊዮን የገባው ተልእኮ ግን በምዕራፍ 7 ሲቪሎችን እንዲጠብቅ ተፈቀደለት፤ «በአቅሙ ልክና በተሰማራበት አካባቢ» የሚል ገደብ ተጨምሮበት። አቅም የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። በ2000 የአገሪቱ አማፂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላም አስከባሪዎችን አገቱ። ወረቀቱ ላይ ፈቃዱ ነበር፤ በቂ ወታደር ግን አልነበረም። ኋላ ላይ የተፈቀደው ቁጥር 17,500 ደረሰ።