በዓይን የሚደረግ የማረፊያ አቀራረብ በባሕር ዳር

በዓይን የሚደረግ አቀራረብ፣ አብራሪዎች «ቪዥዋል አፕሮች» የሚሉት፣ በመሣሪያ እየተመራ የመጣ አውሮፕላን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማኮብኮቢያውን በዓይን እያየ ወርዶ የሚያርፍበት ሥርዓት ነው። አብራሪው ማረፊያው እንደታየው ያሳውቃል፣ የበረራ ተቆጣጣሪው ይፈቅዳል፤ ከዚያ ወዲያ ከተራራና ከመሬት የመራቅ ኃላፊነት የአብራሪዎቹ ነው። ጊዜና ነዳጅ ስለሚቆጥብ ተወዳጅ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ ስለሚደረግም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለማመን ከሚያስቸግሩት የአብራሪ ስህተቶች ጥቂት የማይባሉት የተፈጸሙት ደመና በሌለበት፣ ሁሉም ነገር እየታየ ነው።

የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ አቅራቢያ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 5,978 ጫማ፣ ማለትም 1,820 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ማኮብኮቢያ እንደሚያርፉበት አቅጣጫ 04 ወይም 22 ይባላል። በ04 የሚያርፍ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሐይቁ ነው፤ በ22 የሚያርፈው ደግሞ ውሃውን አቋርጦ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ቀን ላይ የዘጌ ልሳነ ምድር፣ ክብራንና እንጦስ ደሴቶች፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ሁሉም ከሩቅ ይለያሉ። ሌላው የአካባቢው ማረፊያ የጎንደሩ ነው፤ እሱም ከሐይቁ ማዶ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ እዚህ አብራሪ የት እንዳለ አይጠፋውም። ዓይን በደንብ የማይነግረው ምን ያህል ከፍ እንዳለና ምን ያህል እንደሚፈጥን ነው።

ከፍጥነቱ እንጀምር። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰበት ከሰዓት በኋላ መለኪያው 130 ኖት (በሰዓት 130 የባሕር ማይል) ሲያሳይ፣ አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በእውነት የሚጓዘው በ148 ኖት ገደማ ነው። የተለመደውን የሦስት ዲግሪ መውረጃ ይዞ ለመቆየት በባሕር ጠለል ደረጃ በደቂቃ 690 ጫማ ያህል መውረድ ይበቃ የነበረው፣ እዚህ ወደ 785 ይጠጋል። መሬት ሲነካ ተሸክሞት የሚመጣው የእንቅስቃሴ ጉልበትም በ30 ከመቶ ያህል ይበልጣል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ማረፍ የለመደ አብራሪ በስሜት ብቻ ቢመራ ዘግይቶ መውረድ ይጀምርና ማኮብኮቢያው ላይ ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖ ይደርሳል። የከፍታ መለኪያውም ከባሕር ጠለል ስለሚቆጥር ስሌት ይፈልጋል፦ የአውሮፕላኑ ጎማ አስፋልት ሲነካ ስድስት ሺህ ጫማ ገደማ ነው የሚያሳየው።

ከፍታን በዓይን መገመት ግን ከዚህም ይከብዳል፤ የጣና ነገር ጎልቶ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ከፍታውን የሚገምተው ከዛፍ፣ ከቤትና ከመንገድ መጠን ተነሥቶ ነው። የረጋ ውሃ ላይ እነዚህ የሉም። ምልክት በሌለው ወለል ላይ የሚበር አብራሪ ከእውነቱ ይበልጥ ከፍ ያለ ስለሚመስለው፣ ሳይታወቀው ዝቅ ይላል። ሌሊት ሲሆን ይብሳል፦ ሐይቁ ጨለማ፣ ከፊት የሚታየው የማኮብኮቢያውና የከተማው መብራት ብቻ ነው። አብራሪዎች ይህን «ብላክ ሆል» ይሉታል። በቦይንግ የሠራው ኮንራድ ክራፍት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች በምስለ በረራ ሲፈትን፣ ከጨለማው ማዶ ያለችውን ከተማ ብቻ እያዩ የወረዱት ከሚገባው በታች ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። የሐይቅና የየብስ ነፋስ ጠባይም ችግሩን ያባብሰዋል፦ ቀን ከውሃው ወደ መሬት፣ ሌሊት ከመሬት ወደ ውሃው ይነፍሳል። አውሮፕላን ነፋስን ተቃርኖ ስለሚያርፍ፣ የሌሊቱ ነፋስ ሲበረታ የሚመረጠው በሐይቁ ላይ የሚመጣው 22 ይሆናል።

ሌሎቹ ወጥመዶች እንደ ወቅቱ ይለዋወጣሉ። በበጋ መገባደጃ አቧራና ጭስ ማኮብኮቢያውን ከእውነቱ የራቀ ያስመስለዋል፤ በክረምት መስታወት ላይ የሚወርደው ዝናብ ከፍታን ያሳስታል፤ በታኅሣሥ አመሻሽ ላይ ደግሞ በ22 የሚያርፍ አብራሪ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ብዙም ሳትርቅ ታገኘዋለች።

ውሃ አቋርጦ በዓይን ማረፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በሰፊው የተመረመረው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ሰኔ 29 ቀን 2005 ዓ.ም. የአሲያና ቦይንግ 777 እዚያ ሲደርስ ቀኑ ብሩህ ነበር፤ አውሮፕላንን በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያ ከሚመራው መሣሪያ፣ ከአይ ኤል ኤስ፣ የመውረጃውን ማዕዘን የሚጠቁመው ክፍል ግን አገልግሎት አይሰጥም ነበር። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ስለነበር አብራሪው ሊያስተካክል ሲሞክር የሞተሩ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ፍጥነት መጠበቁን ተወ፤ ይህንንም ማንም ልብ አላለም። 137 ኖት መሆን የነበረበት ፍጥነት 103 ድረስ ወረደና ጅራቱ የዳርቻውን ግንብ መታ። ከ307 ሰዎች 3ቱ ሞቱ። ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ እዚያው የኤር ካናዳ ኤርባስ ኤ320 ከማኮብኮቢያው ጎን ያለውን የመንቀሳቀሻ መንገድ ማኮብኮቢያ አድርጎ አይቶ፣ ተራ የሚጠብቁ አራት አውሮፕላኖች ወዳሉበት ወረደ፤ እንደገና የተነሣው 18 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ለእኛ ቀረብ ያለው ምሳሌ የመጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት 737 በዛምቢያ ንዶላ ገና በግንባታ ላይ በነበረ አዲስ ማረፊያ በስህተት አርፏል። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ባሕር ዳር ላይ የአውሮፕላን አደጋ ሲነሣ የሚታወሰው ግን የአብራሪ ስህተት ሳይሆን ወፍ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ሊበር የተነሣ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግብ ዋጡ። ለመመለስ ሲዞር ሞተሮቹ ስለጠፉ ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሲሞቱ የበረራ ሠራተኞቹ በሙሉ ተረፉ። ከዚህ ርዕስ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር አለ፦ የሐይቅ ዳር ወፍ ወደ ውጭ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል፤ ፍጥነትና ከፍታ ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ወደ መለኪያው የሚያይ። ሥራው ለሁለት የሚከፈለው ለዚህ ነው። አንዱ ሲያበር ሌላው መለኪያ ይከታተላል፣ ልዩነት ሲያይም ጮክ ብሎ ይናገራል።

መከላከያዎቹ ይታወቃሉ። በማኮብኮቢያ ዳር የሚተከሉት አራት የፓፒ መብራቶች ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ሲታዩ ማዕዘኑ ልክ ነው፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ አውሮፕላኑ በጣም ዝቅ ብሏል። ሰማዩ ጥርት ቢልም ያለውን የመሣሪያ መስመር ከፍቶ ማመሳከር ይመከራል፤ የኤር ካናዳ አብራሪዎች ያላደረጉት ይህንን ነው። በዓይን ሲቀርቡ በ500 ጫማ ላይ ፍጥነቱ፣ መውረጃውና አቅጣጫው ካልተስተካከለ ትቶ መነሣት፣ «ጎ አራውንድ»፣ ግዴታ መሆን አለበት። ይሁንና የበረራ ደኅንነት ድርጅቱ ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን ባደረገው ጥናት፣ ካልተረጋጉ አቀራረቦች ከመቶ 97ቱ እንዲሁ ወደ ማረፍ ቀጥለዋል። አብዛኞቹ ያለ ጉዳት ስለሚያርፉ አብራሪው በሚቀጥለው ጊዜም ይደፍራል። ይህን ለመስበር ብዙ አየር መንገዶች ትቶ የተነሣ አብራሪ እንደማይጠየቅ በደንባቸው ጽፈዋል፤ ውሳኔውም ለካፒቴኑ ብቻ የተተወ አይደለም፣ ረዳት አብራሪውም «ተነሥ» ማለት ይችላል።