የተራቡ መናፍስት በዓል ምንድን ነው?

ክረምት ላይ፣ በነሐሴ ወር፣ ሆንግ ኮንግ ወይም ሲንጋፖር የሄደ ሰው ማታ ማታ አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም። ሰዎች መንገድ ዳር ቁጢጥ ብለው ወረቀት ያቃጥላሉ። አጠገባቸው ሩዝ፣ ብርቱካን፣ ሻይ እና የሚጨስ የዕጣን ዘንግ ተደርድሯል። በላተኛ ግን የለም። ምክንያቱም ምግቡ የቀረበው ለሙታን ነው።

በዓሉ የተራቡ መናፍስት በዓል ይባላል። ዳኦይስቶች (ዳኦይዝም የተባለው የቻይና ነባር ሃይማኖት ተከታዮች) ዦንግዩዋን፣ ቡድሂስቶች ደግሞ ዩላንፐን ይሉታል። በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር የሰባተኛው ወር 15ኛ ቀን ላይ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ነሐሴ ውስጥ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ጳጉሜ 1 ላይ ዋለ። ወሩ በሙሉ የመናፍስት ወር ነው። በመጀመሪያው ቀን የሙታን ዓለም በር ይከፈታል፣ በመጨረሻው ቀን ይዘጋል፣ በመሃል ሙታኑ በከተማው ውስጥ እንደልባቸው ይዘዋወራሉ ተብሎ ይታመናል።

እንግዲህ መንፈስ ሲባል ወዲያው ሰይጣን ወይም ዛር ትዝ ካለህ፣ ለጊዜው እርሳው። እዚህ የሚወራው ስለ ሞተ ሰው ነው። ያውም ጧሪ ቀባሪ ስላጣ ሰው።

በጥንቱ የቻይና እምነት የሰው ነፍስ አንድ ወጥ አይደለችም። «ሁን» የሚባለው ቀላሉ ክፍል ሰው ሲሞት ወደ ላይ ይወጣል፤ «ፖ» የሚባለው ከባዱ ክፍል ከሬሳው ጋር ወደ መሬት ይወርዳል። ዳኦይስቶች ሦስት ሁን፣ ሰባት ፖ እያሉ ይቆጥሯቸዋል። እውነቱን ለመናገር መንገድ ዳር ዕጣን የሚያጨሱት እናቶች ስለዚህ ቆጠራ ብዙም አይጨነቁም። እነሱን የሚያሳስባቸው ቀላል ነገር ነው፦ ሙት ይርበዋል።

ማን ያብላው? ልጆቹ። በቤቱ መሠዊያ ላይ ስሙ የተጻፈበት ጽላት ይቀመጥለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ ምግብ ይቀርብለታል። እንዲህ የተጦረ ሙት የቤተሰቡ ጠባቂ ይሆናል። ያለ ልጅ የሞተ፣ ሰው አገር የቀረ፣ ሰምጦ ሬሳው ያልተገኘ፣ በጦርነት ያለቀ ግን ማንም አያበላውም። እሱ ነው የተራበው መንፈስ። ሥዕሉ ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ያበጠ፣ ጉሮሮው እንደ መርፌ የቀጠነ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሙት ለልጆቹ አያት፣ ለጎረቤቱ ደግሞ መንፈስ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው የሚያበላው ሰው በመኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

ቡድሂስቶች ስለ በዓሉ አመጣጥ የሚተርኩት የሙልየንን ታሪክ ነው። ሙልየን ከቡድሃ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበር። የሞተች እናቱን ሲፈልግ በተራቡት መናፍስት መካከል አጥንቷ ወጥቶ ያገኛታል። ሩዝ ይሰጣታል፤ አፏ ሳይደርስ ፍም ይሆናል። ቡድሃን ሲጠይቀው፣ ይህ በአንድ ሰው አቅም እንደማይሆን ነግሮት፣ መነኮሳቱ የክረምት ሱባኤያቸውን በሚፈቱበት በሰባተኛው ወር 15ኛ ቀን ድግስ እንዲያቀርብላቸው ያዘዋል። እሱም እንደተባለው አደረገ፤ እናቱ ዳነች። መነኮሳቱ ይበላሉ፣ ጥቅሙ ለሟች ይደርሳል፤ ተዝካር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ሴትዮዋ ልጅ ነበራት፣ ያውም ቅዱስ ልጅ። እሱም ቢሆን ብቻውን አልቻለም። በዓሉም የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተሰብ ያልደረሰለትን ሰፈሩ በሙሉ ተሰባስቦ ያበላዋል።

አቀራረቡም ይለያል። የራስ አያቶች ቤት ውስጥ ይጋበዛሉ። እንግዶቹ መናፍስት ግን ደጅ ላይ ነው የሚስተናገዱት፤ ቤት ገብተው እንዳይቀሩ ነዋ! ታይዋን ውስጥ ከምግቡ አጠገብ እጅና ፊታቸውን እንዲታጠቡበት ሳፋ ውሃና ፎጣ ይቀመጣል። መናፍስት ብሎ መጥራትም ነውር ስለሆነ «ጥሩዎቹ ወንድሞች» ይሏቸዋል። በሲንጋፖርና በማሌዥያ ደግሞ አደባባይ ላይ የዘፈን መድረክ ይዘጋጃል፣ የፊት ወንበሮች ባዶ ይተዋሉ። እዚያ ዘው ብለህ እንዳትቀመጥ።

የሚቃጠለው ወረቀት ገንዘብ ነው፤ የወዲያኛው ዓለም ገንዘብ። አንዳንዱ ኖት ላይ የሚታተመው አኃዝ ዜሮው አያልቅም (የዋጋ ንረት እዚያም ሳይኖር አይቀርም)። ዛሬ በወረቀት የተሠራ ሞባይል፣ መኪና፣ ቪላም ይቃጠላል።

ቆይ፣ የዚህ እምነት ጨካኝ ጎንም አለ። በባህላዊው ሥርዓት ሴት ልጅ ጽላቷ የሚቀመጠው በባሏ ቤት ነው። ሳታገባ ከሞተችስ? በአባቷ ቤት መሠዊያ ላይ ቦታ የላትም። ለዚህ ነው በታይዋንና በቻይና አንዳንድ ቦታዎች ለሞተች ልጅ ባል የሚፈለገው፣ ወይም ላላገቡ ሴቶች ብቻ የተለየ መቅደስ የሚሠራው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በታይዋኗ ካኦሲዩንግ ወደብ ላይ ወደ ፋብሪካ ሠራተኞችን የምታመላልስ ጀልባ ሰጠመች። 25 ሴቶች ሞቱ። ሁሉም ያላገቡ ነበሩ። ቺጂን በተባለው ደሴት በአንድ ስፍራ ተቀበሩ፤ ቦታውም የሃያ አምስቱ ልጃገረዶች መቃብር ተባለ። ከዚያ ወሬው ተነሳ፦ ልጃገረዶቹ ባል ይፈልጋሉ፣ ወንድ በሞተር ሳይክል ሲያልፍ ሞተሩ ይጠፋበታል። ለእንጀራ ሲሉ የሞቱ ሠራተኞች የወንድ ማስፈራሪያ ሆነው ቀሩ። የሴቶች መብት ተሟጋቾች ለዓመታት ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2008 ቦታው የሴት ሠራተኞች መታሰቢያ ፓርክ ተብሎ ተሰየመ። እንደኔ እንደኔ ስለ መናፍስት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሆረር ፊልም በፊት ይህን ቢያውቅ ይሻለዋል።

በወሩ ውስጥ የማይደረጉ ነገሮችም ብዙ ናቸው። ሠርግ አይደገስም፣ ቤት አይገዛም፣ ማታ ልብስ ውጭ አይሰጣም። ዋናም አይመከርም፤ ሰምጦ የሞተ ሰው ነፍስ በቦታው የሚተካውን ሰው ትጎትታለች ይባላል። ወሩ ሙቀት የበዛበት፣ ልጆች ወንዝ የሚወርዱበት ወቅት ስለሆነ ይህኛው ክልከላ ባያምኑበትም አይጎዳም።

በመጨረሻ፣ ከጪንግሚንግ ጋር እንዳታምታታው። ጪንግሚንግ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 4 ወይም 5 አካባቢ ነው፤ ሰው የራሱን ዘመዶች መቃብር የሚያጸዳበት ቀን ሲሆን በዋናው ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሥራ ዝግ ነው። በዦንግዩዋን ግን ሥራ አይዘጋም፤ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ማታ ወረቀቱን አቃጥሎ፣ ጠዋት ተመልሶ ወደ ቢሮው ይሄዳል።