ቆንጣጭ ክብደት ምንድን ነው? የእንፋሎት ጭነት ሎኮሞቲቭ ጉልበት የሚወሰንበት ነገር

ቆንጣጭ ክብደት ማለት በአንቀሳቃሽ መንኮራኩሮች በኩል ብቻ ሐዲዱ ላይ የሚያርፈው የሎኮሞቲቭ ክብደት ነው። ከፊት ያሉት ትናንሽ መሪ መንኮራኩሮች፣ ከኋላ የእሳት ሳጥኑን የሚሸከሙት፣ እንዲሁም ከሰልና ውኃ የጫነው ቴንደር አይቆጠሩም። በሲሊንደር ውስጥ በእንፋሎት ከሚገፋው ፒስተን ጋር በዘንግ ስላልተያያዙ ይሸከማሉ እንጂ አይጎትቱም። ስለዚህ ስለ አንድ የጭነት ሎኮሞቲቭ ሲነገር "ስንት ቶን ይመዝናል?" ከማለት ይልቅ "ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሐዲድ ይቆነጥጣል?" ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው በመጠኑ ነው። ደረቅና ንጹሕ በሆነ ሐዲድ ላይ መንኮራኩሩ ሳይንሸራተት ሊያስተላልፍ የሚችለው ኃይል ከተሸከመው ክብደት ሩብ ገደማ ነው። 100 ቶን ቆንጣጭ ክብደት ያለው ሎኮሞቲቭ እንግዲህ በ25 ቶን ኃይል ይጎትታል። ሐዲዱ ሲርስ ይህ ወደ 15 ቶን ሊወርድ ይችላል። ካፊያ ከዶፍ የባሰ ነው፤ ዶፍ ሐዲዱን አጥቦ ይሄዳል፣ ካፊያ ግን አቧራውንና ዘይቱን አላቁጦ ይተወዋል።

ኃይሉ ምን ያህል ጭነት ያወጣል? በሜዳ ላይ በዝግታ ለሚሄድ ባቡር ለእያንዳንዱ ቶን ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ የመጎተት ኃይል ይበቃል። ዳገት ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል፦ በየመቶ ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ለእያንዳንዱ ቶን 10 ኪሎ ይጨምራል። ዓይን የማያስተውለው ዳገት ሸክሙን አራት አምስት እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። የጭነት ሎኮሞቲቭ የሚነደፈውም ለመስመሩ አማካይ ሁኔታ ሳይሆን ለክፉው ዳገት ነው።

በሌላ በኩል ሲሊንደሮቹ የሚያመነጩት ኃይል አለ። የሲሊንደሩ ስፋት (ዲያሜትሩ) በራሱ ተባዝቶ፣ ፒስተኑ ከጫፍ ጫፍ በሚሄደው ርዝመትና በእንፋሎቱ ግፊት ተባዝቶ፣ ለአንቀሳቃሹ መንኮራኩር ስፋት (ዲያሜትር) ይካፈላል። ይህ ሁለት ሲሊንደር ላለው ሎኮሞቲቭ ነው። እንፋሎቱ ውኃው ከሚፈላበት ቦይለር እስከ ሲሊንደር ሲደርስ ግፊቱ ስለሚቀንስ ውጤቱ በ0.85 ይባዛል። አካፋዩ መንኮራኩሩ ስለሆነ ትንሽ መንኮራኩር ጉልበት፣ ትልቅ መንኮራኩር ፍጥነት ይሰጣል። የብሪታኒያው 9ኤፍ የጭነት ሎኮሞቲቭ፣ ከ1954 እስከ 1960 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 251 የተሠሩት፣ ስፋታቸው 1.52 ሜትር የሆነ አሥር አንቀሳቃሽ መንኮራኩሮች ነበሩት። የጀርመኑ 50 ተከታታይ ደግሞ 1.4 ሜትር።

ቆንጣጩ ክብደትና የሲሊንደር ኃይሉ መመጣጠን አለባቸው። ቆንጣጩ ክብደት ለሲሊንደር ኃይሉ ሲካፈል ወደ 4 የሚጠጋ ውጤት ይፈለጋል። ከ4 በጣም ካነሰ ሎኮሞቲቩ ሲነሳ በቦታው ይሽከረከራል፤ በጣም ከበለጠ ያለ ሥራ የሚጓዝ ብረት ተሸክሟል። ሦስት ሲሊንደር ያላቸው፣ ለምሳሌ የጀርመኑ 44 ተከታታይ፣ ትንሽ ዝቅ ማለት ይችላሉ። ሁለት ሲሊንደር ሲሆን መንኮራኩሩ በአንድ ዙር ውስጥ አራት ጊዜ ጠንከር ብሎ ይገፋና መልሶ ይላላል፤ መንሸራተት የሚጀምረውም ግፊቱ ጫፍ በደረሰበት ቅጽበት ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ያንን ጫፍ ያለዝበዋል። ዋጋው ግን አለ፦ መንኮራኩሮቹን በያዘው ፍሬም መሐል የተደበቀ፣ ለመቀባትም ለመጠገንም እጅ የማይደርስበት ዘንግ።

መንሸራተት እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። መንኮራኩሮቹ በድንገት ሲፈተለኩ ሐዲዱ ይቃጠላል፣ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ኃይለኛ የእንፋሎት ምት ደግሞ እሳቱን ከሰሉ ከሚነድበት ፍርግርግ ላይ መንጭቆ ይወስዳል። ነጂው መጀመሪያ የእንፋሎቱን መክፈቻ ይዘጋል፤ መንኮራኩሩ ከተረጋጋ በኋላ አሸዋ ያፈስና በዝግታ መልሶ ይከፍታል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። በሚፈተለክ መንኮራኩር ሥር አሸዋ ቢፈስ በአንድ ጊዜ ቆንጥጦ ስለሚይዝ ዘንጎቹንና ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያያይዟቸውን ፒኖች ሊያጣምም ይችላል።

ታዲያ ቆንጣጩን ክብደት ዝም ብሎ መጨመር አይቻልም? ሐዲዱ አይፈቅድም። እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም ጥንድ መንኮራኩሮችን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ሊጭነው የሚችለው ክብደት በድልድዩና በሐዲዱ ጥንካሬ ይገደባል። 9ኤፍ በየአክስሉ ከ16 ቶን በታች ነበር፤ የጀርመኑ 44 ተከታታይ 20 ቶን ገደማ። የአክስሉ ክብደት ካልጨመረ የአክስሎቹ ቁጥር መጨመር አለበት። እዚህ ላይ ኩርባው ይመጣል፤ በአንድ ግትር ፍሬም ላይ የተደረደሩ ብዙ መንኮራኩሮች ኩርባ ላይ አይታጠፉም። 9ኤፍ በአምስት አክስሎቹ ያለፈው የመካከለኛውን ጥንድ ሐዲድ የሚያቅፍ ጠርዝ በማስቀረት ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1934 አሥራ አራት አንቀሳቃሽ መንኮራኩሮችን በአንድ ፍሬም ላይ ያሰለፈ ሎኮሞቲቭ ሠራች። ሐዲዱን እየበረገደና የሐዲድ መቀያየሪያዎችን እየሰባበረ አስቸገረ፤ ሁለተኛ አልተሠራም።

መፍትሔው ፍሬሙን ለሁለት መክፈል ሆነ። ስዊዘርላንዳዊው አናቶል ማሌ በ1884 ባስመዘገበው ንድፍ የኋላው ክፍል ከቦይለሩ ጋር በቋሚነት ተያይዞ የፊቱ በማጠፊያ ላይ እንደ ልቡ ይዞራል። የኋለኞቹ ሲሊንደሮች ትኩሱን እንፋሎት ይጠቀሙና የተረፈውን ለሰፋፊዎቹ የፊት ሲሊንደሮች ያስተላልፋሉ። በዚህ ውስጥ እጅግ የምናደንቀው ነገር ራሱን የሚያርም መሆኑ ነው፦ የፊቱ ቢፈተለክ በመሐል ያለውን እንፋሎት ጨርሶ ይደክማል፤ የኋላው ቢፈተለክ ወደፊት የሰደደው እንፋሎት ተጠራቅሞ መልሶ ይገፋዋል። በ1904 ባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ማሌ ሥራ ላይ አዋለ።

ሌላው መንገድ የኸርበርት ጋራት ነው፦ ቦይለሩ በሁለት ሞተር፣ ማለትም የየራሳቸው ሲሊንደርና አንቀሳቃሽ መንኮራኩር ባሏቸው ሁለት ክፍሎች፣ መካከል እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ መንኮራኩር ስለሌለ ቦይለሩ መወፈር፣ የእሳት ሳጥኑም መጥለቅ ይችላል። በ1955 እና 1956 ለምሥራቅ አፍሪካ ባቡር የተሠሩት 34ቱ የ59ኛ ክፍል ጋራቶች 1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ከሞምባሳ ናይሮቢ ይሠሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ወደ 250 ቶን ይመዝን ነበር። የጋራት ድክመት ግልጽ ነው፤ ውኃውና ከሰሉ ራሳቸው የቆንጣጭ ክብደት አካል ስለሆኑ በጉዞ ሲያልቁ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል።

ይህን ድክመት እስከ ጥግ የገፋው የአሜሪካው ኢሪ የባቡር ኩባንያ ትሪፕሌክስ ነው። በ1914 የቦልድዊን ፋብሪካ ከቴንደሩ ሥር ሳይቀር አንቀሳቃሽ መንኮራኩሮችን አስገባ፤ በጠቅላላው ሃያ አራት። ስድስቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው 91 ሴንቲሜትር ስፋት ነበራቸው፣ የመጎተት ኃይሉም ከ70 ቶን ይበልጥ ነበር። ጉልበቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፤ ያልበቃው ቦይለሩ ነው። የእሳት ፍርግርጉ 8.4 ካሬ ሜትር ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ከኋለኛው ሞተር የሚወጣው እንፋሎት በቴንደሩ ጀርባ ስለሚባክን በጭስ ማውጫው በኩል እሳቱን የሚያራግበው ግማሹ ብቻ ነበር። በዝቅተኛ ፍጥነት እንኳ እንፋሎቱ ያልቅበት ስለነበር ከኋላ ሆኖ ለመግፋት ብቻ ዋለ።

ቆንጣጭ ክብደት የሚወስነው ባቡሩ መነሳት መቻሉን ነው። ከተነሳ በኋላ የሚኖረውን ፍጥነት የሚወስነው በሰዓት የሚፈላው ውኃ ነው። የአሜሪካው ሊማ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ኢንጂነር ዊሊያም ዉዳርድ በ1925 ያወጣው ሎኮሞቲቭ ይህን በተግባር አሳየ፦ ከኋላ አራት ተሸካሚ መንኮራኩሮች አስገብቶ 9.3 ካሬ ሜትር ፍርግርግ ዘረጋ። የእነዚያ መንኮራኩሮች ዋና ሥራ መጎተት ሳይሆን መሸከም ነው፤ የሚሸከሙት እሳት ግን ከባዱን ጭነት በፍጥነት ያስኬዳል። እንዲህ ላለ እሳት የሰው አካፋ አይበቃውም፤ ከቴንደሩ ከሰሉን በብረት ጠመዝማዛ እየገፋ የሚያጎርስ ማሽን ያስፈልጋል።

የአሜሪካው ዩኒየን ፓስፊክ የባቡር ኩባንያ ቢግ ቦይ ሎኮሞቲቭ፣ ከ1941 እስከ 1944 አልኮ የተባለው ፋብሪካ 25 የሠራው፣ ሁሉንም ሒሳብ በአንድ ላይ ያሳያል። ያለ ቴንደሩ 346 ቶን ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ በስምንት አክስል ሐዲድ የሚቆነጥጠው 245 ቶን ነው። በአንድ አክስል ከ30 ቶን በላይ ይሆናል፣ ለዚህም ለእርሱ የጠነከረ ሐዲድ ያስፈልጋል። የሲሊንደር ኃይሉ 61 ቶን ገደማ ስለሆነ ክፍያው 4 ይመጣል። ፍርግርጉ 13.9 ካሬ ሜትር ነው። የታሰበለት ሥራ 3,270 ቶን ገደማ ጭነት በዋሳች ተራራ 1.14 በመቶ ዳገት ላይ ያለ ረዳት ማውጣት ነበር። ጭነቱ ከሎኮሞቲቩና ከቴንደሩ ጋር 3,800 ቶን ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ቶን 11.4 ኪሎ ለዳገቱ፣ 2 ተኩል ያህል ለመንከባለሉ ሲታሰብ የሚያስፈልገው 53 ቶን ነው። የቀረው 8 ቶን ለኩርባና ለእርጥብ ሐዲድ የተተወ ነው።