ወደ ወጥመድ መገፋት፦ በሚና ጨዋታ ውጊያ የግዳጅ እንቅስቃሴ ምንድን ነው?

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች የግዳጅ እንቅስቃሴ የሚባለው፣ አንድ ገጸ ባሕሪ በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በሌላ ተፋላሚ ግፊያ፣ ጉተታ ወይም ድግምት ከቆመበት ቦታ ሲነቃነቅ ነው። ለብቻው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም፤ አንድን ሽፍታ አንድ ካሬ ወደ ኋላ መግፋት በራሱ አያቆስለውም። ከሽፍታው ጀርባ ገደል፣ እሳት ወይም የተጠመደ ወጥመድ ሲኖር ግን ያ አንድ ካሬ ከሰይፍ ምት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጉዳቱን የሚያደርሰው የገፊው ክንድ ሳይሆን ቦታው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፦ የዚህ ዘር ጨዋታዎች ቀዳሚ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንዱ ተጫዋች ጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙንና ጠላቶቹን ይይዛል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛሉ፣ ውጊያ ሲነሳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ካሬ ወረቀት ይዘረጋል። አንዱ ካሬ 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተደርጎ ይቆጠራል።

ባህር ዳር ላይ ለሚጫወት ቡድን አደገኛ ካርታ ከሩቅ መበደር አያስፈልገውም። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አፋፍ ወረቀቱ ላይ እንሣልና፣ አንድ ሽፍታ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆሟል እንበል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ሕግ መሠረት አንድ ጦረኛ በምቱ ፈንታ መግፋትን ሊመርጥ ይችላል። ሁለቱም ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላሉ፤ ገፊው ጉልበቱን፣ ተገፊው ጉልበቱን ወይም ቅልጥፍናውን ይደምርበታል፤ ገፊው ከበለጠ ሽፍታው 5 ጫማ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከኋላው ደግሞ መሬት የለም። በዚሁ ሕግ ለእያንዳንዱ 10 ጫማ ውድቀት አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ጣሪያው 20 ዳይስ ነው። ፏፏቴውን 40 ሜትር ብንለው 130 ጫማ ያህል ስለሚሆን 13 ዳይስ ይጣላል፣ አማካዩም 45 የጉዳት ነጥብ ገደማ ነው። በጨዋታው መጽሐፍ የተቀመጠው ተራ ሽፍታ 11 የሕይወት ነጥብ (ጉዳት የሚቀንሰው፣ ሲያልቅ የሚወድቅበት ቁጥር) ብቻ አለው። የሽፍቶቹ አለቃ ግን 65 ስላለው በአማካይ ዕድል ከታች ተነስቶ ሊቆም ይችላል፤ ይህ በእኔ እምነት ለታሪኩ ከሞቱ የተሻለ ነው።

በ2024 የተሻሻለው ሕግ በዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር ጨምሯል፦ ውኃ ላይ የሚወድቅ ሰው ፈጥኖ ሰውነቱን በማስተካከል የውድቀቱን ጉዳት በግማሽ ለመቀነስ መሞከር ይችላል። ስለዚህ ጨዋታ መሪው ወቅቱ ክረምት ይሁን በጋ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ፏፏቴው በክረምት ሞልቶ የሚጓራውን ያህል፣ በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር ይሳሳል፣ ከሥሩም ዐለቱ ይታያል።

የግዳጅ እንቅስቃሴ ከተራ እንቅስቃሴ የሚለየው በሚያስከፍለው ዋጋም ነው። ተገፊው የራሱን እርምጃ ስላልተጠቀመ፣ ከጠላት አጠገብ ሲርቅ የሚሰነዘረው ነጻ ምት አይሰነዘርበትም። ለጉዞ አስቸጋሪ የሆነ መሬትም አያዘገየውም። ጣና ዳርቻ ላይ በእንቦጭ የተሸፈነ ውኃ ውስጥ በራሱ እግር የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን ካሬ በእጥፍ ዋጋ ያልፋል፤ 10 ጫማ በድግምት የተወረወረ ግን ያንኑ እንቦጭ ሰንጥቆ ሙሉውን 10 ጫማ ይሄዳል።

ብዙ ክርክር የሚነሳው በድግምት በተሠሩ የአደጋ ቀጠናዎች ላይ ነው። አንዳንዱ ቀጠና ጉዳትን በተጓዘው ርቀት ልክ ያሰላል፤ መሬቱን እሾህ የሚያደርገው ድግምት ለእያንዳንዱ 5 ጫማ ሁለት ባለ አራት ገጽ ዳይስ ያስጥላል፣ ተጓዡም በፈቃዱ ይሂድ ተገፍቶ ልዩነት የለውም። አንዳንዱ ድግምት ደግሞ «በፈቃዱ ከተንቀሳቀሰ» የሚል ቃል ስላለው መገፋትን ጨርሶ አይቆጥርም። በ2014ቱ መጽሐፍ ሌሎች ብዙ ድግምቶች «በአንድ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ» የሚል አጻጻፍ አላቸው፤ እዚህ ላይ በተራና በዙር መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ይሆናል። ዙር የሁሉም ተፋላሚዎች ተራ ድምር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጓደኛ በራሱ ተራ ጠላትን ወደ ቀጠናው ቢገፋው፣ ሁለተኛው በራሱ ተራ ስቦ ቢያወጣው፣ ሦስተኛው መልሶ ቢከተው፣ ያ ምስኪን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቃጠላል። ሕጋዊ ነው፣ አንድ ጊዜ ሲሠራም ያስቃል፤ በየውጊያው ሲደጋገም ግን ጨዋታውን ወደ ሒሳብ ሥራ ይለውጠዋል፣ እኔም በመሪነት ብቀመጥ በዙር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከገደል አፋፍ መገፋት ላይ ደግሞ እትሞች አይስማሙም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው እትም ወደ ጉድጓድ ወይም ገደል ለሚገፋ ሰው አንድ የመዳኛ ዕድል ይሰጠዋል፤ ባለ 20 ገጹን ጥሎ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ በመጨረሻው አስተማማኝ ካሬ ላይ ተዘርሮ ይቀራል። ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ሁለተኛ እትም ወዳቂው የገደሉን ጠርዝ በእጁ ለመያዝ እንዲሞክር ይፈቅዳል። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ሕግ የለውም፦ ከተገፋህ ትወድቃለህ። እኔ የምመርጠው አራተኛውን ነው፤ ጠርዝ ላይ ተዘርሮ የቀረ ሰው ለሁለቱም ወገን ጥድፊያ ይፈጥራል፣ በአንድ ዳይስ የጠፋ ገጸ ባሕሪ ግን የያዘውን ተጫዋች እስከ ማታ ተመልካች አድርጎ ያስቀምጠዋል።

የተሰወረ ወጥመድ ሌላ ጉዳይ ነው። ተጫዋቾች ያላዩት ጉድጓድ ውስጥ ጠላት ቢገባላቸው ያ ዕድል እንጂ ብልሃት አይደለም፤ ስለዚህ መሪው ለግፊያ እንዲያገለግል ያስቀመጠውን ወጥመድ ውጊያው ሳይጀመር የሚታይ ማድረግ ይኖርበታል። የግዙፎችም ነገር አለ፦ በእጅ የሚገፋው ከገፊው በአንድ የመጠን ደረጃ ብቻ የሚበልጥ ፍጡር ስለሆነ ሰው ዝሆንን ገፍቶ ገደል አይከትም፤ የነጎድጓድ ማዕበል የሚያስነሳው ድግምት ግን የመጠን ገደብ ስላልተጻፈበት ዝሆኑንም 10 ጫማ ሊወረውረው ይችላል።

ይህ ሁሉ በተጫዋቾችም ላይ ይሠራል። ጠላቶች በካርታው ላይ ያለውን ገደል እኩል ያዩታል፣ የተለመዱት ግፊያዎችም ባለ 5 ወይም ባለ 10 ጫማ ናቸው፤ ስለዚህ በእርስዎና በጠርዙ መካከል ሁለት ባዶ ካሬ ካለ፣ የነጎድጓዱ ማዕበል እንኳ ቢመታዎት የሚያርፉት መሬት ባለበት የመጨረሻው ካሬ ላይ ነው።